ዡቪዚ የሚባል ክለብ ነበር

ከፓሪስ በስተደቡብ ወዳሉት ከተሞች የሚሄደው የሲ መስመር ባቡር ከኦስተርሊትዝ ጣቢያ ተነሥቶ የሴንን ወንዝ እየተከተለ ሃያ ደቂቃ ያህል ከተጓዘ በኋላ ዡቪዚ ይደርሳል። ጣቢያው ትልቅ ነው። የሲና የዲ መስመሮች እዚያ ስለሚገናኙ ማለዳና ማታ ሰዉ ከአንዱ ባቡር ወርዶ ወደ ሌላው ሲጣደፍ መተላለፊያው ይጨናነቃል። እኔም ከ2012 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለብዙ ዓመታት በዚያ መተላለፊያ ስጣደፍ ኖሬአለሁ፤ የአብዛኛው መንገደኛ ዕውቀት ከጣቢያው ስም እንደማያልፍ ሁሉ እኔም መጀመሪያ ላይ ስለ ከተማዋ የማውቀው ነገር አልነበረኝም።

ዡቪዚ ሱር ኦርዥ ትንሽ ከተማ ናት። የሰማይ ተመራማሪው ካሚ ፍላማሪዮን በ1883 ያቋቋመው የከዋክብት መመልከቻ ይገኝባታል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ፣ በ1944 ኤፕሪል፣ የተባበሩት ኃይሎች አውሮፕላኖች የባቡር መናኸሪያዋን ሲደበድቡ ብዙ ነዋሪዎቿ አልቀዋል። በእኔ ልብ ውስጥ የቀረችው ግን በሌላ ነገር ነው። ከ1971 እስከ 2017 ድረስ በፈረንሳይ የሴቶች እግር ኳስ ውስጥ ስሟን ተሸክሞ የሚዞር ክለብ ነበራት፤ ያ ክለብ ስድስት ጊዜ የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆኗል። ዛሬ በከፍተኛው ሊግ የደረጃ ሰንጠረዥ ላይ የዡቪዚን ስም የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ክለቡ ሞተ ልበል ወይስ አለ ልበል የሚለው ጥያቄ ለዓመታት ሲመላለስብኝ ስለቆየ፣ የማውቀውን ሁሉ በአንድ ቦታ አስፍሬ ለራሴ ልመልሰው ወሰንኩ።

ክለቡን ያወቅኩት በአጋጣሚ ነው። በ2012 መገባደጃ፣ ብርዱ በጠናበት አንድ እሑድ፣ አብራኝ የምትሠራ ሴት ትንሽ ልጇን ይዛ ወደ ጨዋታ ስትሄድ አብረን እንሂድ አለችኝና ሄድኩ። ሜዳው ዡቪዚ ውስጥ አልነበረም። ክለቡ በዚያን ጊዜ ባለሜዳ ሆኖ የሚጫወተው ከከተማዋ ራቅ ብሎ በሚገኘው በቦንዱፍል፣ ሮቤር ቦቢን በተባለው ስታዲየም ነበር። ስታዲየሙ ዙሪያውን የመሮጫ መም የተዘረጋበት፣ ከ18 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ ሰፊ ቦታ ነው፤ በዚያ ቀን የነበርነው ግን በዓይን ግምት ከአምስት መቶ አንበልጥም። ሁላችንም በአንደኛው ጥላ ፎቅ ሥር ተጠጋግተን ተቀመጥን፤ በማዶ በኩል ያሉትን ባዶ ወንበሮች ካፊያው ያርሳቸው ነበር።

በሩ ላይ በዕድሜ ገፋ ያሉ አንዲት ሴት የሁለቱን ቡድኖች አሰላለፍ የያዘ ወረቀት ሰጡኝ። በፎቶ ኮፒ የተባዛ፣ ለሁለት የታጠፈ፣ ቀለሙ በአንደኛው ጠርዝ የደበዘዘ ወረቀት ነው፤ ራስጌው ላይ የክለቡ ሙሉ ስም ተጽፏል፤ «የዡቪዚ ኤሶን የሴቶች እግር ኳስ ክለብ»። እኒያው ሴት በዕረፍት ሰዓት ከአንዲት ጠባብ ጠረጴዛ ኋላ ቆመው ከትልቅ ፔርሙዝ ቡና ሲቀዱ አየኋቸው፤ ሳንቲሙን የሚቀበሉትም እሳቸው ነበሩ። ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ የማዕዘን ባንዲራዎቹን አንድ በአንድ ነቅለው እንደ ጭራሮ በክንዳቸው ታቅፈው ወደ መጋዘኑ አመሩ። የክለቡ ሠራተኛ ይሆኑ እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ እዚህ ተጫውታለች። እሷ ካቆመች ቆየች፤ እኔ ግን ቀረሁ» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጨዋታ ይበልጥ በጆሮዬ የቀረው ድምፅ ነው። በትልልቅ ስታዲየሞች የሕዝቡ ጩኸት የተጫዋቾቹን ንግግር ይውጠዋል፤ እዚያ ግን እያንዳንዱ ቃል ይሰማ ነበር። ከመሐል ሜዳ የአምበሏ ድምፅ ይመጣል፤ አጭር፣ ያልተቆጣ፣ ቁርጥ ያለ ድምፅ ነው። ሳንድሪን ሱቤራን ያኔ ዕድሜዋ አርባን ሊነካ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። ኳሱን ለሁለት ንክኪ እንኳ እግሯ ሥር አታቆየውም፤ ከመቀበሏ በፊት ወዴት እንደምትሰጠው አይታ ጨርሳለች። በተለይ ልጆቹ፣ አብራኝ የሄደችው የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ጭምር፣ ዓይናቸውን የጣሉት ግን በመስመር በኩል በምትከንፈው ወጣት ላይ ነበር። ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ስሟ ካዲዲያቱ ዲያኒ ነው። ወረቀቱን እስካሁን አስቀምጬዋለሁ። ከሰፈሩት ስሞች መካከል የሁለቱንና የጋኤታን ቲኔን ስም አስምሬባቸዋለሁ፤ የክለቡ የኋላ ታሪክ በሦስቱ ሕይወት ውስጥ ያልፋልና።

ወደ ኋላ ትንሽ ልመለስ። በፈረንሳይ ሴቶች ኳስ መጫወት የጀመሩት በቅርብ ጊዜ አይደለም። በ1917 ፓሪስ ውስጥ ፌሚና ስፖር የተባለው ክለብ ሴቶች ተጋጥመዋል፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት የራሳቸው ፌዴሬሽንና የራሳቸው ሻምፒዮና ነበራቸው። ቀስ በቀስ ነገሩ እየተዳከመ ሄደ፤ በ1941 ማርች ደግሞ በጀርመን ወረራ ዘመን ፈረንሳይን ያስተዳድር የነበረው የቪሺ መንግሥት የሴቶችን እግር ኳስ ጭራሹን ከለከለ። ጦርነቱ አልቆም ኳሱ ቶሎ አልተመለሰም። በ1968 ፒየር ዦፍሯ የተባለ የራንስ ከተማ ጋዜጠኛ፣ ለአንድ የበዓል ዝግጅት ማድመቂያ ኳስ የሚጫወቱ ሴቶች እንደሚፈለጉ በጋዜጣው ላይ ማስታወቂያ አወጣ። ለአንድ ቀን የታሰበው ጨዋታ ቡድን ወለደ። በ1970 ማርች 29 የፈረንሳይ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ለሴቶች እግር ኳስ ዕውቅና ሰጠ፤ በቀጣዩ ዓመት ኤፕሪል በሰሜን ፈረንሳይ በአዝብሩክ ከተማ የፈረንሳይ ሴቶች ኔዘርላንድን 4 ለ 0 አሸነፉ፤ ይህም ጨዋታ በፊፋ ዘንድ የመጀመሪያው ይፋዊ የሴቶች ዓለም አቀፍ ግጥሚያ ሆኖ ተመዝግቧል። ዡቪዚ የሴቶች ቡድኑን ያቋቋመው በዚያው በ1971 ነው።

መጀመሪያ ላይ ቡድኑ የከተማዋ የወንዶች ክለብ አንድ ክፍል ነበር። በ1985 ግን ከእናት ክለቡ ወጥቶ ራሱን የቻለ፣ የሴቶች ብቻ የሆነ ክለብ ሆነ። ለእኔ የዚህ ክለብ ትልቁ ቀን ይህ ነው፤ ከየትኛውም ዋንጫ ይበልጣል እላለሁ። ምክንያቱም የወንዶች ክለብ ክፍል የሆነ የሴቶች ቡድን ሜዳ ሲፈልግ ከወንዶቹ ዋና ቡድን፣ ከተጠባባቂው፣ ከታዳጊዎቹና ከአንጋፋዎቹ ቀጥሎ ተራ ይጠብቃል። ማሊያ ሲታደል የአምናው ይደርሰዋል። አውቶቡስ አንድ ብቻ ከሆነ በየተጫዋቾቹ መኪና ይሄዳል። ራሱን የቻለ ክለብ ግን ድሃ ቢሆንም እንኳ ከድህነቱ ውስጥ ምን ከምን እንደሚቀድም የሚወስነው ራሱ ነው። በዡቪዚ ሴቶች ተጫወቱ፣ ሴቶች አሠለጠኑ፣ ሴቶች በፕሬዚዳንትነት መሩ። በዚያ አሰላለፍ ወረቀት ላይ «የሴቶች» የሚለው ቃል የክለቡ ስም አካል ሆኖ የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ውጤቱም ተከተለ። በ1980ዎቹ የፈረንሳይን ሻምፒዮና በአብዛኛው የተቆጣጠረው ሌላው የፓሪስ ዳርቻ ክለብ ሳን ሞር ነበር። የእሱ ዘመን ሲያበቃ ዡቪዚ ተተካ፤ በ1992፣ በ1994፣ በ1996 እና በ1997 ዋንጫውን አነሳ፤ ከመሐል ያሉትን ዓመታት ኤፍሲ ሊዮን ወሰደበት። ቀጥሎ ቱሉዝ አራት ዓመት በተከታታይ ነገሠ። ዡቪዚ በ2003 ተመለሰ፤ በ2005 የፈረንሳይን ዋንጫ ወሰደ፤ በ2006 ለስድስተኛ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። በዚያ ቡድን ውስጥ ማሪኔት ፒሾን ነበረች፤ ለብሔራዊ ቡድን በ112 ጨዋታ 81 ግብ ያስቆጠረች፣ ፊላደልፊያ ሄዳ በ2002 የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ ኮከብ ተጫዋች ተብላ የተመለሰች አጥቂ ናት። በአሜሪካ ኳስ ተጫውታ የምትተዳደር የነበረችው ሴት ወደ አገሯ ስትመለስ፣ ቀን ሥራ ውለው ማታ የሚለማመዱ ጓደኞች ጋር ነው የተቀላቀለችው። በፈረንሳይ ያኔ ሴት ኳስ ተጫዋች ማለት ፀሐፊ፣ ተማሪ፣ የስፖርት አስተማሪ ወይም የከተማ አስተዳደር ሠራተኛ ሆና፣ ከሥራ ስትወጣ የስፖርት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ባቡር የምትይዝ ሴት ማለት ነበር።

ከ2006 በኋላ ዡቪዚ ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም። ይህ እንዴት እንደሆነ በዝርዝር መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ «ሊዮን ገንዘብ አለው» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ታልፎ ይቀራልና።

በ2004 የኦሊምፒክ ሊዮን ፕሬዚዳንት ዣን ሚሼል ኦላስ የኤፍሲ ሊዮንን የሴቶች ክፍል ወደ ራሳቸው ክለብ አመጡ። ሞንፔሊዬ ቀደም ብሎ ይህንኑ አድርጎ ነበር። ሊዮን ከ2007 እስከ 2020 ድረስ 14 ዓመት በተከታታይ የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆነ፤ እስከ 2022 ባለው ጊዜ ውስጥም የአውሮፓን ሻምፒዮንስ ሊግ ስምንት ጊዜ አሸነፈ። የዚህ ጉልበት ምንጭ ለተጫዋቾች በሚከፈለው ደመወዝ ብቻ የሚገለጽ አይደለም። ትልቅ የወንዶች ክለብ የሣር ሜዳ አለው፤ ሣሩን የሚንከባከብ ሰው አለው፤ ሐኪም፣ ወጌሻ፣ የምግብ ባለሙያ፣ የውል ጠበቃ፣ ተጫዋች መልማይ አለው። እነዚህ ሁሉ አስቀድመው ተከፍሎባቸዋል። የሴቶች ቡድን ሲመጣ የሚጨመረው ወጪ ከወንዶቹ በጀት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ለሴቶቹ የሚሰጠው ብልጫ ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። ዡቪዚ ደግሞ እያንዳንዱን ነገር ከዜሮ ተነሥቶ መግዛት ወይም መለመን ነበረበት። ጉልበቷን የተጎዳች ተጫዋች በሊዮን ማግስቱን ሐኪም ያያታል፤ በዡቪዚ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ቀጠሮ ትይዛለች። ሊዮን ጠዋት ተለማምዶ ከሰዓት በኋላ ያርፋል፤ ዡቪዚ ማታ፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ ሥራ ላይ በዋለ እግር ይለማመዳል። ይህ ልዩነት በአንድ ሳምንት አይታይም። በአምስት ዓመት ግን በተጫዋቹ ሰውነት ላይ ይጻፋል።

እንዲያም ሆኖ ዡቪዚ ቶሎ እጁን አልሰጠም፤ ክለቡን የማከብረውም በዚህ ነው። ከ2006 በኋላ ባሉት ዓመታት ለሊጉ የላይኛው ሠፈር ባዳ አልነበረም። ፈረንሳይ በ2011 የዓለም ዋንጫ አራተኛ ስትወጣ አምበሏ ሱቤራን ነበረች፤ ቲኔም አብራት ነበረች። ሱቤራን ለብሔራዊ ቡድን 198 ጊዜ ተሰልፋለች፤ ይህን ቁጥር የደረሰበት አንድም የፈረንሳይ ወንድ ተጫዋች የለም። በ2012/13 የሻምፒዮንስ ሊግ ውድድር ዡቪዚ የስዊድኑን የጎተንበርግ ክለብ በሩብ ፍጻሜ አሰናብቶ ግማሽ ፍጻሜ ገባ። የወንዶች ክለብ ጀርባ የሌለው፣ ቡናውን በፔርሙዝ የሚሸጥ ክለብ ከአውሮፓ አራት ምርጥ ክለቦች አንዱ ሆነ ማለት ነው። በግማሽ ፍጻሜው የደረሰው ግን ሊዮን ነበር። በሁለቱ ጨዋታዎች ድምር 9 ለ 1 ተሸነፈ። በዚያ ሳምንት በባቡር ውስጥ ሆኜ ውጤቱን በስልኬ ላይ ሳነብ፣ ባንዲራዎቹን ታቅፈው ሲሄዱ ያየኋቸው ሴትዮ ትዝ አሉኝ።

ከዚያ በኋላ መድረኩ ጠበበ። ፓሪስ ውስጥ ፒኤስጂ ከ2011 ጀምሮ በኳታር ባለቤቶቹ ገንዘብ ሲበለጽግ ለሴቶች ቡድኑም መደበለት። እስከዚያ ድረስ በፓሪስና በዙሪያዋ ያደገች፣ ኳስ የምትችል ልጅ የመጀመሪያ ሕልሟ ዡቪዚ ነበር፤ አሁን በባቡር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ ደመወዝ የሚከፍል፣ ስሙ በዓለም የታወቀ ክለብ በሩን ከፈተ። ዲያኒ በዡቪዚ ከ2010 ጀምሮ ሰባት ዓመት ከተጫወተች በኋላ በ2017 ወደ ፒኤስጂ ሄደች፤ ከዚያም በ2023 ወደ ሊዮን አቀናች። አልፈርድባትም። እግር ኳስ የሚያጫውት ጉልበት አጭር ዕድሜ አለው፤ በዚያ አጭር ዕድሜ ውስጥ በሙያዋ መኖር የምትፈልግ ሴት የምትሄደው ሙያዋን ወደሚከፍላት ቦታ ነው። የክለቡ ችግር ግን እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል፤ ያሳደጋትን ልጅ የሚያቆይበት ነገር አልነበረውም።

በ2017 ጁላይ ዡቪዚ ከፓሪስ ኤፍሲ ጋር ተዋሐደ። «ተዋሐደ» የሚለው ቃል በጽሑፍ የሚውል ነው፤ በተግባር የሆነው ትልቁ ትንሹን መዋጡ ነው። ፓሪስ ኤፍሲ በዚያን ጊዜ በወንዶች ሁለተኛ ሊግ የሚጫወት ክለብ ነበር። ሴቶቹ የፓሪስ ኤፍሲን ማሊያ ለበሱ፤ የፓሪስ ኤፍሲን ስም ያዙ፤ ቀስ በቀስም ልምምዱ ወደ ኦርሊ፣ ጨዋታው ወደ ፓሪሱ ሻርሌቲ ስታዲየም ተሻገረ። ዡቪዚ የሚለው ስም ከሰንጠረዡ ወጣ።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላል የእኛ ሰው። በዚህ ጉዳይ የተገላቢጦሽ ሆነ፤ ሥራው ሳይሞት ስሙ ተቀበረ። ውህደቱን የወሰኑትን ሰዎች በዚህ አልወቅስም፤ ደብተሩን የሚያዩት እነሱ ነበሩ። ስሙን ግን አብረው መቅበር አልነበረባቸውም ብዬ አምናለሁ፤ «ፓሪስ ኤፍሲ ዡቪዚ» ብሎ መጥራት ምን ይጎዳ ነበር? አርባ ስድስት ዓመት ማሊያ ያጠቡ፣ ቡና የቀዱ፣ ልጆችን በመኪናቸው ያመላለሱ ሰዎች ሥራ የተጻፈው በዚያ ስም ላይ ነው። ከውህደቱ በኋላ አንድ ቀን በጣቢያው ያገኘኋቸው እኒያ ሴት «አሁን ፓሪስ ነው የሚሉን» አሉኝ። በንግግራቸው ምሬት አልሰማሁም፤ ወረፋ ይዞ የቆየ ሰው ተራው ሲደርስ መስኮቱ እንደ ተዘጋበት ዓይነት ዝምታ ግን ነበረበት።

በሌላ በኩል ደግሞ ሷዮን አስታውሳለሁ። ሷዮ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከአንጉሌም ከተማ ጎን ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የሴቶች ቡድኗ በ1968 ተመሠረተ፤ በ1984 የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆነ። በኋላ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ የሆነችው ኮሪን ዲያክር ከ1988 ጀምሮ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ የተጫወተችው እዚያ ነው። ሷዮም እንደ ዡቪዚ ለትልቅ ክለብ ያልተጠጋ፣ በራሱ የቆመ ነበር፤ በራሱ እንደቆመም ቀጠለ። በ2023 ከከፍተኛው ሊግ ወረደ፤ በዚያው ዓመት ዕዳው አላንቀሳቅስ ብሎት በፍርድ ቤት ውሳኔ ፈረሰ። ሃምሳ አምስት ዓመት የቆየ ክለብ ነበር። ስሙን ይዞ እስከ መጨረሻው ዘለቀ፤ ተጫዋቾቹ ግን በዚያ ክረምት ክለብ ፍለጋ ተበተኑ። ይህን ዜና ያነበብኩ ዕለት በዡቪዚ መሪዎች ላይ የነበረኝ ቅሬታ ግማሹ በረደ።

ግማሹ አለ የምለው ለትልቅ ክለብ መጠጋት ራሱ ዋስትና እንዳልሆነ ስላየሁ ነው። በ2024 የቦርዶ ክለብ በገንዘብ እጦት ፕሮፌሽናልነቱን ሲያጣ የሴቶቹ ቡድን አብሮ ወደ ታች ተጎተተ። ሴቶቹ ያጠፉት ነገር አልነበረም፤ የወንዶቹ ሒሳብ ነው የጎተታቸው። በዡቪዚ ሴቶች ስለ ራሳቸው ይወስኑ ነበር፤ ከመክሰራቸው በፊት እንደሚከስሩ ያውቁ ነበር። አሁን ዕጣቸው የሚወሰነው ሌሎች በሚቀመጡበት ጠረጴዛ ነው። በ2024 መጨረሻ የአርኖ ቤተሰብ፣ ከዓለም ግንባር ቀደም ባለጸጎች አንዱ፣ የፓሪስ ኤፍሲን አብላጫ ድርሻ ያዘ፤ በ2025 ወንዶቹ ወደ አንደኛው ሊግ አደጉ። ለሴቶቹ መልካም ዜና ነው፤ መልካም ሆኖ እንዲቀጥል ግን የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ታዲያ ምን ቀረ? የቀሩት ሰዎች ናቸው። ጋኤታን ቲኔ በ2008 ዡቪዚ ገብታ እስከ 2025 ድረስ አልወጣችም። ለብሔራዊ ቡድን ከ160 ጊዜ በላይ የተሰለፈች፣ ሌላ ክለብ ሄዳ ብዙ ዋንጫ ልታነሳ የምትችል ተጫዋች ናት። አሥራ ሰባት የውድድር ዘመን በአንድ መልበሻ ክፍል ቆየች፤ ማሊያው ሲቀየር፣ ስሙ ሲቀየር፣ ሜዳው ሲቀየር እሷ እዚያው ነበረች። ሱቤራን በ2014፣ ዕድሜዋ አርባን አልፎ፣ ጫማዋን ሰቀለች፤ በ2018 ደግሞ የፓሪስ ኤፍሲ ሴቶች አሰልጣኝ ሆና ተመለሰች። ከመሐል ሜዳ ይሰማ የነበረው ያ አጭር ድምፅ አሁን ከሜዳው ጠርዝ ይሰማል። ክላራ ማቴዮ የምትባለው አጥቂያቸው በአንድ በኩል ኢንጂነር ናት፤ በዚያ ቡድን ውስጥ ሥራንና ኳስን አጣምሮ የመያዝ ልማድ ፕሮፌሽናል ሊግ በመጣበት ዘመንም ጨርሶ አለመጥፋቱ ያስደስተኛል፤ የድህነት ምልክት ሳይሆን በምርጫ የተያዘ እስከሆነ ድረስ።

በ2023 ሴፕቴምበር ይህ ቡድን በሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ አርሰናልን ገጠመ። አርሰናል ባለፈው የውድድር ዘመን ግማሽ ፍጻሜ የደረሰ ክለብ ነው። 3 ለ 3 ተለያይተው ፓሪስ ኤፍሲ በመለያ ምት አለፈ። ቀጥሎ የደረሰው ቮልፍስበርግ፣ የባለፈው ዓመት የፍጻሜ ተፋላሚ ነበር። ፓሪስ ላይ 3 ለ 3 ከተለያዩ በኋላ ጀርመን ሄደው 2 ለ 0 አሸነፉት። ያን ምሽት በቴሌቪዥን ስመለከት ለምን እንደሆነ ሳላውቀው ተነሥቼ ቆሜ ነበር። ከአሥር ዓመት በፊት በሊዮን ፊት 9 ለ 1 የወደቀው ክለብ ተነሥቶ የሚሄድ ያህል ተሰማኝ፤ ማሊያው ላይ የተጻፈው ሌላ ስም ቢሆንም።

በ2025 ሜይ 3 በሰሜን ፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ በካሌ ከተማ የፈረንሳይ ዋንጫ ፍጻሜ ተደረገ። ፓሪስ ኤፍሲ ከፒኤስጂ ጋር ነበር የተገናኘው፤ በአንድ ወቅት የዡቪዚን ልጆች ይወስድ ከነበረው ክለብ ጋር። ዘጠና ደቂቃው ያለ ግብ አለቀና ወደ መለያ ምት ሄዱ። ፓሪስ ኤፍሲ አሸነፈ። ይህ ክለብ ዋንጫ ሲያነሳ ከ2005 በኋላ የመጀመሪያው ነው ሲባል ሰማሁ፤ «ይህ ክለብ» ሲሉ ዡቪዚንም ጨምረው መሆኑ ነው፣ የ2005ቱን ያነሳው ዡቪዚ ነበርና። በ2005 በሜዳው ውስጥ የነበረችው ሱቤራን በ2025 በአሰልጣኝነት መንበር ላይ ነበረች።

ማታ ከመጽሐፍ መደርደሪያዬ ያንን የታጠፈ ወረቀት አወጣሁት። እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። ጀርባው ባዶ ስለሆነ በእርሳስ «ካሌ፣ 2025፣ 0 ለ 0፣ በመለያ ምት» ብዬ ጻፍኩበትና መልሼ አጠፍኩት፤ የዡቪዚ ስም ያለበትን ገጽ ወደ ውጭ አድርጌ።